ማስተካከያ፦ የማየርስ-ብሪግስ መጠይቅ ለቅጥር አይውልም

ባለፈው ሳምንት ስለ ሥነ ልቦና ፈተናዎች ስጽፍ፣ ሰዎችን በ16 የባሕርይ ዓይነቶች የሚመድበው የማየርስ-ብሪግስ መጠይቅ ሠራተኛ ለመምረጥ ያገለግላል ብዬ ነበር። ስህተት ነው። የመጠይቁ አሳታሚ ራሱ በአጠቃቀም መመሪያው ለቅጥር እንዳይውል ያሳስባል፤ የሚያሳየው ዝንባሌን እንጂ ችሎታን አይደለምና። ሠራተኛው ወዶ ሲሞላው ግን ራሱን ለማወቅና ከባልደረቦቹ ጋር ለመግባባት ይረዳዋል።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ካዛንቺስ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ለሒሳብ ሠራተኛነት ያመለከተች ልጅ ማመልከቻ ጥግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ዝምተኛ» ተብሎ ተጽፎ አይቻለሁ። ጽሑፌን ተከትላችሁ አመልካቾችን የለያችሁ የሰው ኃይል ባለሙያዎች፣ እባካችሁ የጣላችኋቸውን ማመልከቻዎች እንደገና እዩ፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ አቅርቡ፣ ከሥራውም ጥቂት ለናሙና ሰጥታችሁ በማሠራት ችሎታቸውን እዩ።