ለመንገዱም እኔ፣ ለስብራቱም እኔ

ዛሬ የመኪናዬን ቦሎ፣ ያው የዓመታዊ ምርመራውን ማለፊያ፣ ለማውጣት ወጥቼ ሳላወጣ ተመለስኩ። በግኛለሁ። ካልተነፈስኩት እንቅልፍም አይወስደኝ።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተሰልፌ ተራዬ የደረሰው 5 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። የምርመራውን ከፍያለሁ። የሦስተኛ ወገን መድኑን አድሻለሁ። የነበረብኝን ቅጣት ጨርሼ ደረሰኙን ይዣለሁ። መርማሪው ከሥር አየና «የፊት ሾክህ ዘይት ያፈሳል፤ አሠርተህ ና» አለኝ። ልጁ ልክ ነው፣ ያፈሳል። እሱን አልተቀየምኩም።

ግን ያ ሾክ ምን እንደነካው ልንገራችሁ። ከሰፈራችን መውጫ ላይ አንድ ጉድጓድ አለ። ባለፈው ክረምት ውሃ ሞልቶት ጥልቀቱ አልታየኝም፣ ገባሁበት። ጓ አለ! ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናው ድምፁ ተለወጠ። ጉድጓዱ ዛሬም እዚያው አለ፣ እንዲያውም ሰፍቷል።

በምንቀዳው እያንዳንዱ ሊትር ላይ ለመንገድ ፈንድ የምንከፍለው አለ። ፈንዱ በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመው ለመንገድ ጥገና ገንዘብ እንዲያቀርብ ነው። እና እኔ ማደያ በቆምኩ ቁጥር ያንን ጉድጓድ መድፈኛ ስከፍል ኖሬያለሁ። ቤንዚን በ2014 ክረምት መግቢያ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በ2017 ታኅሣሥ መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። የታለመ የነዳጅ ድጎማ ሲመጣ እኛ ኮድ 2ዎች፣ ባለ የግል መኪናዎቹ፣ አልተካተትንም። እሺ፣ ታክሲና አውቶቡስ ይቅደሙ። እኔም በታክሲ ተጋፍቼ ያደግኩ ነኝ፣ በዚህ ቅር አይለኝም። የከፈልኩት የት እንደገባ ግን መጠየቅ መብቴ ነው።

ከምርመራው ቦታ በቀጥታ ሾክ ልገዛ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ አይጨበጥም። ባለሱቁ «ወንድሜ፣ ነገ በዚህ ዋጋ አታገኘውም» አለኝ። ሁለቱንም የፊት ሾኮች ገዛሁ፣ አንዱን ብቻ መቀየር አያዋጣም። ገና የሜካኒኩ አለ። የድጋሚ ምርመራው አለ።

መኪናዬ በዓመት አንዴ ተመርምሮ ካላለፈ አይንቀሳቀስም። ይሁን፣ የሰው ሕይወት ነው። መንገዱንስ ማን ይመርምረው? ጉድጓዱን ዓመት ሙሉ አይቶ ያለፈውን ሰው ማን ይጠይቀው?

መኪና ያለውን ሁሉ ሀብታም አድርጋችሁ የምታዩ ሰዎች፣ እባካችሁ ስሙኝ። የእኔ አሮጌ ቪትዝ ናት። በዕቁብና በብድር ነው የገዛኋት። እናቴን በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊት እጥበት አመላልስባታለሁ። ያለ ቦሎ ወጥቼ ትራፊክ ቢያስቆመኝ ታርጋዬን ይፈታል። እናቴን መሃል መንገድ ላይ ይዤ የት እገባለሁ?

መኪናዋ አሁን ጋራዥ ናት። ሜካኒኩ ከነገ ወዲያ ትደርሳለች ብሎኛል። ነገ የእማዬ የእጥበት ቀን ነው።