«ራሷን ትችላለች» ለሚሉ መንገደኞች የቀረበ ውዳሴ

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ወይም መስከረም ጠብቶ የመርካቶ ነጋዴ ሱቁን ቆልፎ ለመስቀል ወደ ጉራጌ ሲተም፣ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ቤቱን ለቅቆ ከመውጣቱ በፊት የሚያደርገው ጥንቃቄ ሊደነቅ ይገባዋል። የጋዙ ሲሊንደር ይዘጋል፤ የፍሪጁ ሶኬት ይነቀላል፤ ቴሌቪዥኑ አቧራ እንዳይነካው አንሶላ ይለብሳል፤ ወርቁና የቤቱ ካርታ አክስት ዘንድ ሄዶ ይቀመጣል፤ ለውሻው አጥንትና ሳንባ ከሥጋ ቤት ተገዝቶ ለዘበኛው ይሰጣል፤ በረንዳው ላይ ለተደረደሩት አበቦች ሳይቀር በየስንት ቀኑ ምን ያህል ውኃ እንደሚጠጡ የሚያስረዳ ወረቀት በሩ ላይ ይለጠፋል። ይህ ሁሉ ተፈጽሞ፣ ሻንጣው ተጭኖ፣ መኪናው ከግቢ ሊወጣ ሲል የቤቱ እመቤት መስኮቱን ዝቅ ያደርጉና «ውይ፣ ድመቷን አደራ!» ይላሉ። ዘበኛውም «ኧረ እኔ እያለሁ!» ብለው በሩን ይዘጋሉ። የድመቷ የዕረፍት ጊዜ እንክብካቤ ዝግጅት በዚህች ቅጽበት ተጀምሮ በዚህችው ቅጽበት ተጠናቀቀ።

ይህን አጭር ሥነ ሥርዓት የሚነቅፉ ሰዎች አልጠፉም። እኔ ግን በአገራችን ከሚከናወኑት ጉዳዮች ሁሉ ያለ ስብሰባ፣ ያለ በጀትና ያለ ቃለ ጉባኤ የሚያልቅ ሌላ ጉዳይ ስላላየሁ፣ ለዚህ ቅልጥፍና አክብሮቴን ልገልጽ እወዳለሁ። ሌላው ዓለም ገና እዚህ ደረጃ አልደረሰም። ስዊዘርላንድ በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የእንስሳት ጥበቃ ደንብ፣ ለብቻዋ የምትያዝ ድመት በየቀኑ ከሰው ጋር ልትገናኝ፣ ካልሆነም ቢያንስ ሌሎች ድመቶችን በዓይኗ ልታይ ይገባታል ብላ ደንግጋለች። ባንክ ያላት አገር ለድመት ዓይን ማረፊያ ሕግ እስከማውጣት የደረሰችው ዘበኛ ቢያጥራት መሆን አለበት። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ከዚህ ችግር አላመለጡም፤ ለገና ወደ አገር ቤት ሲመጡ ለድመታቸው ጠባቂ ቀጥረው፣ ጠባቂዋ የምትልከውን የድመቷን ፎቶ በየማታው ከእራት በኋላ እየከፈቱ ያሳዩናል። እኛም ፎቶውን በትሕትና ካየን በኋላ፣ የገዛ ድመታችን በዚያች ሰዓት ከጠረጴዛው ሥር እንደሆነች ወይም እንዳልሆነች እርግጠኞች ሳንሆን፣ «ገንዘብ ሲበዛ» ብለን ከንፈራችንን እንመጣለን።

ሥርዓታችን የቆመው «ድመት ቤት እንጂ ሰው አትለምድም» በሚለው ጽኑ እምነት ላይ ነው። ሰዎቹ ቢሄዱም ግድግዳው አይሄድም፤ ግድግዳው ካለ ደግሞ ድመቷ የጎደለባት ነገር የለም። በ2019 እ.ኤ.አ. የኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን እምነታችንን ሊያናውጡ ሞክረው ነበር። ግልገል ድመቶችን ከአሳዳጊዎቻቸው ጋር ወደማያውቁት ክፍል አስገብተው፣ አሳዳጊውን ለሁለት ደቂቃ አስወጥተው መልሰው ሲያስገቡት፣ 64 ከመቶ ያህሉ ግልገሎች በአሳዳጊያቸው መመለስ ተረጋግተው አካባቢያቸውን ማሰስ እንደ ቀጠሉ አዩ፤ ከዚህም ተነሥተው ድመት ሰውን እንደምትለምድ፣ በሰውም እንደምትተማመን ጻፉ። ሁለት ደቂቃ! እኛ ይህንኑ ሙከራ ለሁለትና ለሦስት ሳምንታት፣ በየዓመቱ፣ በመላው ከተማ ስናካሂድ ኖረናል። ውጤቱን በወረቀት አለማስፈራችን ለዓለም ሳይንስ የማይተካ ጉዳት መሆኑን ሳስበው አዝናለሁ።

ስለ ምግቡ ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ የዘዴው ጥበብ በግልጽ የሚታየው እዚህ ላይ ነውና። ለውሻው የተገዛው ሳንባ የውሻው ነው፤ ውሻው ሲጮኽ ሌባ ስለሚያባርር በጀት ይገባዋል። ለድመቷ የተተወ ብር ስለሌለ ግን ዘበኛው ከራሳቸው ምሳ ያካፍሏታል። ይህ ደግነታቸው በእውነት የሚመሰገን ነው፤ ሽሙጤም እሳቸውን አይነካም። ይሁን እንጂ የቤተሰቡ ጉዞ በነሐሴ መጀመሪያ ላይ ከሆነ ፍልሰታ ነው፤ እስከ ነሐሴ 16 ድረስ በዚያ ግቢ የሚበላው ሽሮ ነው፤ ሽሮው ደግሞ ቀይ ሽንኩርት ተቁላልቶ፣ ነጭ ሽንኩርት ተጨምሮበት የተሠራ ነው። የእንስሳት ሐኪሞች ሽንኩርት፣ ቀዩም ነጩም፣ ተቀቅሎም ሆነ ጥሬውን፣ የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት እንደሚያፈርስ ያስጠነቅቃሉ። ድመት ከሥጋ ውጭ መኖር የማትችል ፍጥረት እንደሆነች፣ ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን ስለማያዘጋጅ ከሥጋ ሳታገኘው ለረጅም ጊዜ ከቆየች ዓይኗ ሊጠፋ፣ ልቧም ሊደክም እንደሚችል ይጨምራሉ። ሐኪሞቹ የዘነጉት መንፈሳዊ ጥቅሙን ነው። «ድመት መንኵሳ ዐመሏን አትረሳ» እየተባለች ለዘመናት ስትታማ የኖረች ፍጥረት፣ በእኛ ዘመን በሥጋ ቤት በር እያለፈች የሽሮ ፍትፍት ስትልስ መታየቷ ለተረቱ ታላቅ ሽንፈት ነው። ለዚህ ብፅዕና ያበቃት ባለቤቷ በዚያው ሰዓት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ፣ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም በሚል ከጓደኞቹ ጋር በጋለ ስሜት እየተከራከረ ነው፤ ክርክሩ ሳያልቅ ዓሣው ያልቃል።

ይበልጥ የሚራሩት ባለቤቶች ሲወጡ አንድ ሳህን ወተት ሞልተው ያስቀምጣሉ። ወተቱ በማግስቱ ይኮመጥጣል፤ ትኩሱም ቢሆን የአብዛኞቹ ያደጉ ድመቶች ሆድ አይችለውም፤ ነገር ግን የሳህኑ ሙላት የባለቤቶቹን ኅሊና እስከ ሻሸመኔ ድረስ ሳያሳስብ ያደርሳል። ድመቷ ለቀናት ምንም ሳትበላ ብትቆይ፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ የሰውነቷ ስብ ወደ ጉበቷ ሄዶ ተከማችቶ ለሞት ሊያደርሳት እንደሚችልም ሐኪሞች ይናገራሉ። እንግዲህ ለመንገደኛ ቤት የምትስማማው አስቀድማ የከሳች ድመት ናት ማለት ነው፤ በዚህ ረገድ ብዙዎቻችን ዓመቱን ሙሉ ስንዘጋጅ መክረማችንን በኩራት መናገር እንችላለን።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች የግል ዘበኛም ግቢም ስለሌላቸው በሁለት ተከፍለዋል። አንዱ ወገን ድመቷን ከአንድ ባልዲ ውኃ ጋር ቆልፎባት ይሄዳል፤ ሌላው ደረጃው ላይ ለቅቋት ይሄዳል። ሲመለሱ የመጀመሪያው ሶፋውን፣ ሁለተኛው ድመቷን ያጣል።

በዚህ ጉዳይ ታሪክ የሚመሰክረው አሳፋሪ ነገር አለ፤ አሳፋሪነቱ ግን ለእንግሊዞች ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. መቅደላን የያዘው የእንግሊዝ ጦር ዘውዱንና የብራና መጻሕፍቱን በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ እንደሄደ እናውቃለን። ከዚያው ጦርነት ማብቂያ በኋላ ዙላ የተባለች ድመት ከአገራችን ወደ እንግሊዝ እንደ ተወሰደች፣ ዛሬ አቢሲኒያን የሚባለው የድመት ዝርያም ታሪኩ ከእሷ እንደሚጀምር ይተርካሉ፤ የዘር ጥናቶች ግን ዝርያው የተገኘው ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። የዝርያው ነገር የሚመለከታቸው ይከራከሩበት። እኔን የሚገርመኝ ጦርነት ጨርሶ የሚመለስ ሰው ድመት ታቅፎ ቀይ ባሕርን ለመሻገር ማሰቡ ነው። እኛ በገዛ መኪናችን፣ በአስፋልት መንገድ፣ እስከ ቡታጅራ እንኳ «ታስታውክብናለች» ብለን የምንተዋትን ፍጥረት፣ እነሱ ከዘረፉት ወርቅ ጎን አስቀምጠው መርከብ አሳፈሯት። ለመዝረፍ የዕቃን ዋጋ ማወቅ ግድ ይላል፤ ባለንብረት ለመሆን ግን እንዲህ ያለ ዕውቀት አይጠየቅም።

በቅርቡ ደግሞ አንዳንድ ተቆርቋሪዎች አዲስ ነገር ይዘው መጥተዋል። ከጉዞው በፊት ቁልፍና የሥጋ መግዣ ብር ለታመነ ጎረቤት ስጡ፤ ድመቷ የምትጸዳዳበት አሸዋ የት እንዳለ አሳዩ፤ ድመትም ተነክሳ ልትይዝና ልታስተላልፍ ስለምትችል የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቡ፤ ብትታመም የሚጠራ የእንስሳት ሐኪም ስልክ ጽፋችሁ ተዉ ይላሉ። የእንስሳት ሐኪም የሚባል ሰው መኖሩን ለሚጠራጠሩም፣ ቢሾፍቱ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እንዳለ ያስታውሷቸዋል። ኮሌጁን እናውቀዋለን፤ ወደ ሐዋሳ ስንሄድ በከተማው እናልፋለን። ነገር ግን ለአበባ የሚጻፈው ወረቀት ላይ «ለድመቷ» የሚል አንድ መስመር መጨመር ማለት አበባውንና ድመቷን እኩል ማድረግ ነው፤ አበባው ደግሞ በገንዘብ የተገዛ ነው።

ከሁሉ የላቀው ግን የመመለሻው ቀን ነው። ቤተሰቡ በር ከፍቶ ሲገባ የጤፉ ጆንያ ተቀድዶ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ የነበረው ጋቢ በአይጥ ተበልቶ ያገኛል። በዚህ ጊዜ ድመቷ፣ ለሦስት ሳምንታት ያልታሰበችው፣ በአንድ አፍ ትታሰባለች፤ «የታለች ይቺ ሥራ ፈት?» ይባላል። ዘበኛው አንገታቸውን ደፍተው ወደ አጥሩ ያመለክታሉ። ድመቷ አጥሩን ዘልላ ጎረቤት ያሉ አንዲት አሮጊት ቤት ገብታ፣ አሮጊቷ ከሥጋ ቤት ቁርጥራጭ እየገዙ ሲቀልቧት ከርማ፣ ግልገሎቿንም እዚያው ወልዳለች። የቤቱ አባወራ ይህን ሲሰሙ «ድመት ከዳተኛ ናት፤ ድሮም እናውቃለን» ብለው ይፈርዳሉ። ቤት እንጂ ሰው አትለምድም የተባለችው ድመት ቤቱን ትታ ወደ ሰው መሄዷን ከፍርዱ ጋር ለማስታረቅ የሚሞክር በመካከላቸው የለም፤ ድካም አለ፣ ሻንጣም አልተፈታም።

አሮጊቷም ድመቷን ታቅፈው መጥተው፣ ቤተሰቡን እንኳን ደኅና ገባችሁ ካሉ በኋላ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ቅር አይበልህና፣ ሌላ ጊዜ ስትሄዱ ለሥጋዋ የምትሆን ጥቂት ብር ብትተዉልኝ» ይላሉ። አባወራው ይህን ዓይነት ድፍረት ከጎረቤት አልጠበቁም። ቢሆንም ጨዋ ሰው ናቸውና በእርጋታ ይመልሳሉ፦

«እትዬ፣ ድመቷ ይህን ሁሉ ጊዜ እርስዎ ቤት አይጥ ስትይዝ ነው የከረመችው። እኛ እኮ ኪራይ አልጠየቅንዎትም።»