ሾልኮ የገባውና በር ላይ የቀረችው

እሁድ ዕለት ቡና ላይ የተነሳ ክርክር ነው። ተከራካሪዎቹ ሁለት ናቸው፣ አንድ ልጅና አንዲት ልጅ፣ ሕንድ አገር አብረው የተማሩ። ያኔ ትምህርት ሲዘጋ ከቼናይ ባቡር ይዘው ደቡብ ሕንድ ያለችው ትሪቺ ከተማ ወረዱና ስሪራንጋም የምትባለውን ደሴት አይተው ተመለሱ። ጨዋታው የተጀመረው በትዝታ ነበር፣ አቦሉ ሳያልቅ ጭቅጭቅ ሆነ።

ለማያውቅ ሰው፦ የካቬሪ ወንዝ ትሪቺ ጋ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል፣ በስተሰሜን ያለው ቅርንጫፍ ኮሊዳም ይባላል፣ ከሁለቱ መሃል ያለችው መሬት ስሪራንጋም ናት። ደሴት ስላልኩ እንደ ጣና በጀልባ እንዳይመስላችሁ፣ ድልድይ አለ፣ አውቶቡስ ገብቶ ያወርዳል። እዚያ ያለው የሂንዱዎቹ አምላክ የቪሽኑ ቤተ መቅደስ ግቢ 63 ሄክታር ገደማ ነው። ሰባት አጥር አንዱ በሌላው ውስጥ። በውጭዎቹ አጥሮች መሃል መኖሪያ ቤት፣ ሱቅ፣ የተሰጣ ልብስ፣ ሞተር ሳይክል የሚያቆም ሰው አለ። መቅደሱ የራሱን ከተማ ይዞ ነው የተቀመጠው።

ነገር የፈለገው እሱ ነው። «እኔ ውስጥ ድረስ ገብቻለሁ፣ እሷ በር ላይ ቀረች» ብሎ ሳቀ።

«ገብቻለሁ አትበል፣ ሾልኬያለሁ በል።»

ውስጠኛው ክፍል ለሂንዱዎች ብቻ ነው፣ በሩ ላይ ተጽፏል። እሱ ግንባሩ ላይ እንደ ምዕመናኑ ነጭና ቀይ መስመር አስቀብቶ ተሰለፈ። መልኩ ጠይም ነው። ጥበቃው በታሚል የሆነ ነገር አለው፣ እሱም እንደ አገሬው አንገቱን ወዝወዝ አድርጎ አለፈ።

«ምን ዋሸሁ? አልጠየቀኝም እኮ። ፊቴን አይቶ ራሱ ነው የወሰነው።»

«አንገትህን ያወዛወዝከውስ?»

ቡና የምታፈላልን እትዬ እስከዚህ ዝም ብላ ነበር። «እኔ የክርስቲያን ልጅ ቤተ ጣዖት ምን ሊሠራ ሄደ ነው የምለው» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «እኛስ ጋ ማንም ተነስቶ መቅደስ ገብቼ ታቦት ልይ ቢል ዝም እንላለን?»

ልጁ ይህን የጠበቀ ይመስላል። «እትዬ፣ እሱ ሌላ ነው። እኛ ጋ እርስዎም እኔም አንገባም፣ የካህን ቦታ ነው። እዚያ ግን አገር ምድሩ ይገባል፣ እኔ ብቻ በትውልዴ ተከለከልኩ። የገዛ ወገኖቻቸውን እንኳ ዘራችሁ ዝቅ ያለ ነው እያሉ ስንቱን መቅደስ ሲከለክሉ ኖረዋል። በዚያ ግዛት ለሂንዱ ሁሉ በሩን የሚከፍተው ሕግ የወጣው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1947 ነው!»

እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ አፋችንን አስያዘን። እሷ ግን አልተበገረችም። «ታዲያ ለተከለከሉት ተቆርቁረህ ከሆነ ለጥበቃው ፊት ለፊት ትነግረው ነበራ። ደግሞ በዚያው አቆጣጠር በ1323 የዴሊ ሱልጣን ጦር መጥቶ ቦታውን ዘርፏል። የአምላካቸውን ምስል ይዘው ተሰደው፣ የተመለሰው በ1371 ነው። በራቸውን ቢጠብቁ ይፈረድባቸዋል?»

«እኔ ጦር ይዤ ነው እንዴ የሄድኩት? ጫማዬን እንኳ አውልቄ ነው!»

ተሳቀ። እኔም ውስጥ ገብቶ ምን እንዳየ ጠየቅኩት። ጨለማ ነው አለ፣ የዘይት መብራት፣ የካምፎር ሽታ፣ ወፍራም ሰውዬ ከፊቱ። ተኝቶ የተቀረጸውን የአምላኩን ምስል ሦስት ሰከንድ ያህል እንዳየ ከኋላ ገፍተው አስወጡት።

እሷ እሱን ስትጠብቅ ፈረሶቹ ጋ ሄዳለች። ይህን ስታወራ ስኒዋን አስቀመጠች። ከድንጋይ የተፈለፈሉ ምሰሶዎች ናቸው፣ ፈረሱ ፊት እግሮቹን አንስቶ ቆሟል፣ ጋላቢው ከላይ ነው፣ ከሆዱ ሥር አውሬውን የሚወጉ ሰዎች አሉ፣ የልጓሙ ጌጥ እንኳ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ንጣፉ ድንጋይ በፀሐይ ግሎ ስለነበር በባዶ እግሯ እየዘለለች ከጥላ ወደ ጥላ ነው ያየቻቸው። ትልቁ የበር ማማም አለ፣ 72 ሜትር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ተጀምሮ እንደ ጉቶ ቀርቶ፣ 400 ዓመት ገደማ ቆይቶ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1987 ነው ያለቀው። አያት የጀመረውን ቤት ማን ይጨርሰው እየተባለ ስንቱ ግቢ በፈረሰበት አገር ለምንኖር ሰዎች እንዴት አይገርመን።

ፍረድ ተባልኩ። በትውልድ መከልከሉን እኔም አልወደውም፣ በዚያ ላይ ከሱ ጋር ነኝ። ፊት አይቶ የሚፈርድ በር ያው የተደበቀውን አስገብቶ እውነቷን የያዘችውን ያስቀራል። ግን እሱ የሄደው በሩን ሊያሸንፍ ነው፣ ቦታውን ያየችው እሷ ናት። ይህን ስል አኮረፈ፣ ስለዚህ አንድ ጥያቄ ጨመርኩለት፦ የተኛው አምላክ ፊቱ ወዴት ነው?

«ወደ... ወደ በሩ መሰለኝ።»

«ወደ ደቡብ ነው» አለች እሷ። ሻይ የሸጠላት ሽማግሌ ነግሯታል። በአፈ ታሪካቸው ቪቢሻና የሚባለው፣ በስተደቡብ ያለችው የላንካ ደሴት ንጉሥ፣ ምስሉን ከሰሜን ተሸክሞ ወደ አገሩ ሲያልፍ ወንዙ ዳር ሊያርፍ አስቀመጠው፣ ሊያነሳው ቢል መሬት ይዞ እምቢ አለው። ሲያለቅስ አምላኩ አዘነለትና፣ እዚሁ እቀራለሁ፣ ፊቴን ግን ወዳንተ አገር አዙሬ እተኛለሁ አለው።

«ጨለማ ነበር አልኳችሁ እኮ» አለ ልጁ፣ ስኒውን ለሁለተኛው እየዘረጋ።