ፒያሳን ያለ ሰው አትሣሉብን

ሰሞኑን አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠን አንድ ሠዓሊ ወዳጄ «ሰው መሣል እኮ ጊዜው አልፎበታል» አለኝ። «ለትዝታ ከሆነ ስልክህን አውጥተህ ፎቶ አንሳ።» እሱ ቀለም የሚረጭ፣ ቅርፅ የሚያፈርስ ሰው ነው። በሥራው ቅሬታ የለኝም። ነገሩ ግን ከነከነኝ።

ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ሁላችንም ፎቶ አነሳን። እኔ ብቻ ስልኬ ውስጥ ሁለት መቶ ያህል አለኝ። ቆርቆሮ፣ የእንጨት በረንዳ፣ ግማሹ የወደቀ ግድግዳ። ከፍቼ አይቻቸው አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የፒያሳ ሥዕል ዓይኔ ውስጥ በዛ። ዶሮ ማነቂያ በቢጫና በሰማያዊ፣ ያዘመመ በር፣ የተሰጣ ልብስ። ሳሎን ላይ ሲሰቀል ያምራል። ሰው ግን የለበትም። ካለም ጃንጥላ የያዘ፣ ጀርባውን የሰጠ፣ ብሩሽ ሁለቴ ነካ ያደረገው ጥላ ነው።

አክስቴ እዚያ ሰፈር አርባ ዓመት ኖራለች። ዕቃዋ የተጫነ ዕለት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ወጣች። ማንም አልሞተም። ጥለቱ ግን አንገቷ ዙሪያ ነበር፣ ልክ እንደ ለቅሶ ቤት። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ረከቦቱን ጭኗ ላይ አቀፈችው። ለሹፌሩ አልሰጥም አለች። ፎቶ አነሳኋት። ፎቶው ላይ ፈገግ ብላለች፤ ስልክ ስታይ ፈገግ ማለት ልማዷ ነው።

ሠዓሊ ቢሆን ያቺን ፈገግታ ይተዋት ነበር። ነጠላውንና ጣቶቿን ይዞ ይቀር ነበር።

ለእኛ አዲስ ነገርም አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ጻድቁ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ክፉው በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላል። የጥንቶቹ ሠዓሊዎች ያዩትን ብቻ አልገለበጡም። ፊት ምን መናገር እንዳለበት ወስነው ነው የሣሉት። በእኛ ዘመን ደግሞ ታደሰ መስፍን አሉ። የጉሊት ሴቶችን ሲሥሉ ኖረዋል። ሴቶቹ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ቆሞ የዋለ እግር፣ የደከመ ትከሻ ታያለህ፤ ግን አያሳዝኑህም፣ ታከብራቸዋለህ እንጂ። ካሜራ ይህን በዕድል ነው የሚያገኘው።

ወዳጄ በረቂቅ ሥዕሉ የሚታወቀውን ገብረ ክርስቶስ ደስታን ጠቀሰብኝ። ይጥቀስ፣ እኔም እወደዋለሁ። «ጎልጎታ» የተሰኘ ሥዕሉን ያየ ሰው ግን ያውቃል፤ በዚያ ሁሉ ቀይ ውስጥ የተሰቀለ ሥጋ አለ። ሰውን ጨርሶ አልሸሸም።

በአንድ ነገር ግን ረታኝ። «እሺ፣ ማን ቁጭ ብሎ ይሣልልኛል?» አለ። «ሰፈርተኛው እንደሆነ ተበትኗል። አንዱ የካ፣ አንዱ ኮዬ ፈጬ።» እውነቱን ነው። ሠዓሊ ከሞዴሉ ጋር ቡና ጠጥቶ፣ ዝም ብሎ አይቶ ነው የሚሥለው። ለዚያ ደግሞ ጎረቤትነት ያስፈልጋል። በፎቶ ላይ ተመሥርቶ የተሣለ ሰው ፈገግታው ብቻ ይተርፋል፤ እንደ አክስቴ።

የአክስቴን አዲሱን አድራሻ ጻፍኩለት። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ታፈላለች፤ ሦስተኛውን ሳትጠጣ አትነሳም። እዚያ ስትደርስ ስልክህን ኪስህ ውስጥ ተወው አልኩት።