የሣህለ ሥላሴ ልጆች ሆይ፣ ብዙ ተባዙ

ፈረንጅ ያሳዝነኛል በእውነት። የአያቱን አባት ስም ለማግኘት ከማህደር ማህደር ሲዞር፣ አቧራ ሲውጥ፣ መነጽር ሲቀይር ጡረታው ያልቃል። የኛ የሰሜን ሸዋ ሰው ግን ተመስገን ነው፣ ዘሩን ለማወቅ ወረቀት ሚባል ነገር አያስፈልገውም፣ ደሙ ይነግረዋል። ካላመናችሁ ደብረ ብርሃን አንድ ካፌ ግቡና ማኪያቶ እዘዙ፣ ማኪያቶው ሳይመጣ አንድ የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ አጠገባችሁ ይቀመጣል፣ ሂሳብ ግን አይከፍልም እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ንጉሡ እስከ 1840 ድረስ ሠላሳ ምናምን ዓመት ገዝተው ነው ያረፉት። በዚያ ሁሉ ዘመን አንኮበር ዳገቱን እንጨት ተሸክሞ የወጣው፣ ጠጅ የጣለው፣ በቅሎ የጫነው፣ ሸማ የሸመነው ሕዝብ ግን አንድም ልጅ ሳይወልድ ነው መሰለኝ ያለፈው፣ ምክንያቱም ዛሬ የሱ ዘር ነኝ ሚል ሰው ፈልጌ አጥቻለሁ። የንጉሡ የልጅ ልጅ ምኒልክ በ1836 አንጎለላ ሲወለዱ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ቤተ መንግሥት አገልጋይ ነበሩ እየተባለ ይወራል አይደል፣ እስቲ በእጅጋየሁ በኩል እዛመዳለሁ ሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ደም መርጦ ነው ሚወርደው።

ባለፈው አንድ ሰርግ ላይ የሙሽራው ቤተሰብ ዘር ግንዱን በባነር አሳትሞ ድንኳኑ መግቢያ ላይ ሰቅሎት አየሁ። ምን ልበላችሁ፣ ግሩም ሥራ ነው። ከላይ ንጉሥ ሰሎሞን፣ ከዛ አፄ ልብነ ድንግል፣ ከዛ መንዝ ላይ ነጋሲ፣ ከዛ ሣህለ ሥላሴ ዘውዳቸውን ደፍተው፣ ከዛ ሦስት ነጥብ፣ ከዛ የሙሽራው አያት ኮትና ከረባት አድርገው በፓስፖርት ፎቶ። ሦስት ነጥብ ብቻ! መቶ ዓመት እልም ብሎ እዛች ነጥብ ውስጥ ገባ። የአድዋ ዘመቻ እዛ ውስጥ ነው፣ የጣሊያን አምስት ዓመት እዛ ውስጥ ነው፣ የአያትየው አባትና እናት፣ ስማቸውን ማንም ማያውቀው ሰዎች፣ ሁሉም እዛው ናቸው። ባነሩ ስር ፎቶ ለመነሳት ሰልፍ ነበር፣ እኔም ተነሳሁ።

እና አንዳንድ ሥራ ፈት ነጥቧን መሙላት ይቻላል ይላል። እንዴት ሲባል፣ ከ1967 በፊት ርስት ሚጠየቀው ዘር ተቆጥሮ ነበር፣ በአባትም በእናትም በኩል እስከ አቅኚው አባት ድረስ እገሌ እገሊትን ወለደ እያልክ ምስክር አቁመህ ትሟገታለህ፣ መንዜ ደሞ ሙግት ላይ እንዴት እንደሆነ መቼም ለናንተ አልነግርም። ስለዚህ ያ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ ያ የግብር ደረሰኝ፣ ያ ኑዛዜ ሁሉ የሴት አያት ስም ሳይቀር ይዟል ይሉሃል። አዋጅ ቁጥር 31 የገጠሩን መሬት የሕዝብ ሲያደርገው ወረቀቱ ፋይዳ አጣ፣ እና አስተዋዮቹ አክስቶቻችን ከሳጥን አውጥተው ለምጣድ ማያያዣ አደረጉት። ጎበዞች! ቤት ማጽዳት እንዲህ ነው። የቀረችውን ባለ ማህተሟን ደሞ በርበሬ ጠቀለሉባት፣ ቀለሙ በርበሬው ላይ ወጥቶ ወጡ ራሱ የርስት ባለቤት ሆነ።

የልደት መዝገብ እንዳትሉ ብቻ፣ በሀገር ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው ገና በ2008 ነው፣ አያትህ እዛ የሉም። ቤተ ክርስቲያን ግን ወንጌሉ ባዶ ገጽና ህዳግ ላይ ማን ምን ሰጠ፣ ማን መሬት ሸጠ፣ ማን እማኝ ሆነ ተጽፎ ይገኛል። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደሞ ስንቱ ብራና በማይክሮፊልም ተነስቶ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ አንዱ አሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጧል። ሚኒሶታ ስንት ዘመድ አለን እኮ፣ ግን ልጆቹ ሺፍት አለባቸው አይመቻቸውም። አዲስ አበባም ቤተ መዛግብቱ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለቪዛ ቀጠሮ ሲሆን ሌሊት ተነስተን ምንገባበት መንገድ ነው፣ ለቅድመ አያት ሲሆን ግን ሩቅ ነው፣ ወገብ ያማል።

ደሞ ቢሄዱስ? ህዳጉ ላይ ያለው የክርስትና ስም ነው ደረሰኙ ላይ ያለው የዓለም ስም፣ ምኒልክ ራሳቸው ሣህለ ማርያም አይደሉ እንዴ፣ ሁለቱን ለማገናኘት ሽማግሌ መጠየቅ አለብህ፣ ሽማግሌ ለመጠየቅ ደሞ ስልክህን ማስቀመጥ አለብህ። ይሄ ሁሉ መከራ ለምን? ቲክቶክ ላይ ጎራዴና ካባ ፊልተር አለ።

የባነሩ ባለቤት ግን አንድ ቀን ተሳስቶ ወደ መንዝ በኩል አንድ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ለክርስትና ሄደ፣ እኔም አብሬ ነበርኩ። መሪጌታው ስሙን እስከ አያቱ ጠየቁት፣ ነገራቸው። ትንሽ አሰቡና "ቆይ ልጄ" ብለው ወንጌሉን አስወጡ፣ ከኋላ ባዶው ገጽ ላይ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡለት፣ የሆነ የመሬት ሽያጭ ነው፣ እማኞቹ ተዘርዝረዋል፣ መጨረሻ ላይ የአያቱ አባት ስም ከነአባታቸው፣ ከነቀበሌያቸው፣ ከጎኑ ደሞ "ሸማኔው" ተብሎ። ነጥቧ ልትሞላ! እኔ ልቤ መታ። መሪጌታው ፈገግ ብለው "ጨዋ ሰው ነበሩ ማለት ነው፣ እማኝ ሚሆነው ሚታመን ሰው ነው" አሉት።

ልጁ ገጹን ሳያይ ሰዓቱን አየና "አይ አባ፣ ይሄ ሌላ ሰው ነው፣ ሞክሼ ይሆናል" አላቸው።