ኧረ ውሃ አትርጩበት!
«ድሬዳዋ አጠገብ ያሉት የለገ ኦዳ የዋሻ ሥዕሎች ከደበዘዙባችሁ ውሃ ረጨት አድርጉባቸው» የሚለው ምክር ይነሣልን! ውሃው አለቱ ውስጥ ያለውን ጨው ያሟሟል። ሲደርቅ ጨው ወደ ላይ ይወጣና ቀለሙን ነጭ ሽፋን ያለብሰዋል፤ እየቆየም ይልጠዋል። ባሕር ዳር አስጎብኚ ነኝ፤ ዘጌ ገዳማት ስንገባ እንግዶቻችንን እንኳን ውሃ ሊያስነኩ፣ የካሜራ ፍላሽ እንዲያበሩም አንፈቅድም። «የዘጌዋን ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ሥዕሎች ካየሁ ድሬዳዋ ድረስ ምን ያስኬደኛል?» ላልከው ወንድሜ፦ የኛው እኮ ጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ፣ የጥቂት መቶ ዓመታት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። የለገ ኦዳዎቹ ከብቶች ግን ባዶ አለት ላይ ነው የተሣሉት፤ ዕድሜያቸውም በሺህ ዓመታት ይቆጠራል። ምን አገናኛቸው? ሂድና እያቸው። ፎቶው ደብዘዝ ካለብህ ቤትህ ገብተህ ስልክህ ላይ አድምቀው፤ ተመራማሪዎቹም ቀለሙን የሚያጎሉት በኮምፒውተር ነው።