የጎበጠና የሚከዳ ጉልበት፦ በአንድ ቀዶ ሕክምና ወይስ በሁለት?

ጉዳዩ፦ ዕድሜው 45 አካባቢ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ የሚጫወት ሰው። ጉልበቱ ወደ ውጭ ጎብጧል፣ በውስጥ በኩል የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ካርቲሌጅ አልቋል፣ ቅልጥሙ ወደ ፊት እንዳይንሸራተት የሚይዘው የፊት መስቀለኛ ጅማቱም ድሮ ተበጥሷል። ቅልጥሙን ቆርጦ ማቅናትና ጅማቱን መተካት በአንድ ቀን ይሠራ ወይስ አጥንቱ ይቅደም? ሁለት ሐኪሞች፣ አንዱ ከሐረር አንዱ ከድሬዳዋ፣ ይከራከሩበታል።

ከሐረር፦ በአንድ ቀን። ጅማቱን ብቻ ብትተካ ጉብጠቱ በየእርምጃው አዲሱን ጅማት ይስበዋል። አጥንቱን ብቻ ብታቀና ደግሞ ጉልበቱ መክዳቱን ሊቀጥልና የተረፈውን ሜኒስከስ (በአጥንቶቹ መሀል ያለውን ትራስ) ሊፈጨው ይችላል። የጀጎል ቁልቁለት ለሚከዳ ጉልበት አይራራም። ሰው ሠራሽ ጉልበት እንዳትለኝ፤ በዚህ ዕድሜ ፕላስቲኩ ቀድሞት ሊያልቅ ይችላል፣ ሁለተኛው ቅየራ ከመጀመሪያው ይከፋል፣ ለሱጁድ መንበርከክም ብዙዎችን ያስቸግራል።

ከድሬዳዋ፦ ኧረ አቦ! መጀመሪያ «ይከዳሃል ወይስ ያምሃል?» ብለህ ጠይቀው። ብዙ ሰው «ከዳኝ» የሚለው ሕመሙ የጭን ጡንቻውን ስለሚያላላበት ነው። ለዚያ ጅማት መትከል ምን ይረባል? ሰውየውን አቁመህ ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት አንድ ኤክስሬይ አንሣ፤ የጉልበቱ ሎሚ ወደ ፊት ይይ። ከዳሌው መሀል ወደ ቁርጭምጭሚቱ መሀል የሚሰመረው መስመር ለአርትራይተስ ብቻ ከሆነ ከቅልጥሙ የውስጥ ጠርዝ 62 በመቶ ላይ እንዲያልፍ ይታቀዳል፤ ጅማትም ከተጨመረ ከ50 እስከ 55 ይበቃል።

ሰው የሚረሳው ግን የጎን ኤክስሬዩን ነው። የቅልጥም አናት ወደ ኋላ ያዘነብላል። ዝንባሌው ከ12 ዲግሪ ካለፈ ቅልጥሙ ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ የተተከለውም ጅማት የመበጠስ ዕድሉ ይጨምራል። አጥንቱን ከውስጥ በኩል ቆርጠህ ስትከፍት ደግሞ ሳታስበው ዝንባሌውን ትጨምራለህ፤ ስለዚህ የፊቱ ክፍተት የኋላው ግማሽ ያህል ይሁን። ዝንባሌው በልኩ ከተቀነሰ ብዙ ጉልበት ያለ ጅማትም ይረጋል። ስድስት ወር ጠብቅና ያኔ ወስን።

ከሐረር፦ ስለ ዝንባሌው አልከራከርህም። ግን ለቅልጥሙ የምትከፍተው ቁስል ከጭን ኋላ የሚወሰደው ጅማት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው፤ ለምን ሁለቴ ትከፍተዋለህ? ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፦ በአርትሮስኮፒ (በቀጭን ካሜራ) ውስጡን አይተህ ታጸዳለህ፣ የሚተከለውን ጅማት ከጭን ኋላ ታወጣለህ፣ ከዚያ ወደ አጥንቱ። ጉልበቱን 90 ዲግሪ አጥፈህ ከመጋጠሚያው 4 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ብለህ ወደ ፊቡላ (ከቅልጥሙ ጎን ያለው ቀጭን አጥንት) ጫፍ ሁለት ሽቦ በሲ-አርም፣ ማለትም በቀዶ ሕክምናው መሀል በሚያሳይ ኤክስሬይ፣ እያየህ ታስገባለህ፤ የደም ሥሩን ከአጥንቱ ጀርባ በሚገባ መከለያ ትጠብቃለህ። መጋዙ ከውጭው ጠርዝ 1 ሴንቲሜትር ሲቀር ይቆማል፤ ያልተቆረጠው ማጠፊያ ይሆናል። መሮዎቹን አንዱን በአንዱ ላይ በዝግታ ደርድር፤ የቸኮለ ማጠፊያውን ይሰብረዋል፣ ያኔ እርማቱም ይጠፋል። አጥንቱን በፕሌት (በብረት ሳህን) ካሰርክ በኋላ የቅልጥሙን ቀዳዳ ቦርቡር፣ ጅማቱን መጨረሻ ላይ እሰር።

ከድሬዳዋ፦ ቀዳዳው ከፕሌቱ የላይኛ ስክሩዎች ጋር ሲጋጭስ? በመሀል ያሉትን በአጭር ልትተካ ነው፤ ሰዓቱ ይረዝማል፣ ጉልበቱ የመድረቅ ዕድሉ ይጨምራል። ሌላም አለ፦ ጫትና ሲጋራ። የሲጋራው ኒኮቲን አጥንት መግጠምን ያዘገያል፤ ክፍተቱ ሳይሞላ ፕሌቱ ሲሰበር ጅማቱም አብሮ ይከስራል። ሲጋራ ካላቆመ ሁለቱን በአንድ ቀን መሥራት ቁማር ነው። በርጫ ላይ እግር አጥፎ ሰዓታት መቀመጥስ? ለዚያ የሚሆን ፊዚዮቴራፒ አላውቅም።

ከሐረር፦ ለሚያጨስ እስማማለሁ፤ አጥንቱንም ቢሆን እስኪያቆም አልነካለትም። ግን ከጅግጅጋ መንገድ መጥቶ ስድስት ሳምንት በክራንች የሄደ የቀን ሠራተኛ ከስድስት ወር በኋላ ድጋሚ ይመጣል ብለህ ታስባለህ? በማደንዘዣ ሥር ፒቮት ሺፍቱ (እግሩን እያዞርን የጉልበቱን መክዳት የምንፈትንበት) በግልጽ የሚዘል ከሆነ በዚያው ቀን እጨርስለታለሁ።

ከድሬዳዋ፦ ፒቮት ሺፍቱን አጥንቱ ከታሰረ በኋላ ድጋሚ ሞክረው። ያኔም ከዘለለ ጅማቱን አስገባ፤ ካልዘለለ ቁስሉን ዝጋ።

ከሐረር፦ ጅማቱን እኮ ቀድሜ አውጥቼዋለሁ!

ከድሬዳዋ፦ እንግዲያው ቅደም ተከተልህን አስተካክል።